ሰንጠረዡ የሚያዘግመው በኮምፒውተሩ ድክመት አይደለም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ለሚገኝ የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የዕለት ርክክብ መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው፤ የምጠቀመው ፓይሳይድ 6 ነው፤ ይኸውም ኪዩት የተባለውን የመስኮት መሥሪያ ለፓይተን የሚያቀርበው ነው። በሰንጠረዡ ላይ የአስጋሪው ስም፣ የዓሣው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የተረከብንበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም መከፈል አለመከፈሉ ይታያል። መዝገቡ ከ6000 ረድፍ ካለፈ ወዲህ ፕሮግራሙ ለመከፈት ብዙ ያስጠብቃል፤ ሲያንሸራትቱትም ይንቀራፈፋል። በየረድፉ የዓሣ ዓይነት መምረጫ ኮምቦቦክስ (ሲጫኑት ዝርዝር የሚዘረጋ ሳጥን) አስቀምጫለሁ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በጽሑፍ ስለማስቀምጠው በቀን ስደረድር ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ እየሆነ ይመጣል። ይህን ለማስተካከል የራሴን ሞዴል መጻፍ ስጀምር ደግሞ በየሴሉ ያላዘዝኳቸው የምልክት ሳጥኖች ብቅ አሉ። ዴሊጌት ስጨምር ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል። ማኅበሩ አዲስ ኮምፒውተር ይግዛ ወይስ ኪዩትን ትቼ ወደ ድረ ገጽ ልዙር? አስጋሪውን ከነርክክቦቹ በዛፍ መልክ ማሳየትስ ይሻላል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ማኅበሩ ኮምፒውተር አይግዛ፤ አንተም ኪዩትን አትተው። ወደ ድረ ገጽ ብትዞር ይኸው ስሕተት አብሮህ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የኢንተርኔት መቆራረጥ ይጨመርበታል። የዘረዘርካቸው ችግሮች ብዙ መስለው የታዩህ በተለያየ ቦታ ስለወጡ ነው እንጂ የአብዛኞቹ ሥር አንድ ነው፤ እውነተኛው እሴት የት እንደሚኖር አልወሰንክም። ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጧል፣ የዓሣው ዓይነት በኮምቦቦክሱ ውስጥ ተደብቋል፣ ክብደቱ ደግሞ ሴሉ ላይ በሚታየው ቁጥር ብቻ ይታወቃል። ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ የቱንም ያህል ፈጣን ማሽን ብታቀርብለት ፕሮግራምህ አይድንም።

በመጀመሪያ ከጥያቄህ ውስጥ የሚነበበውን አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ላንሳ። ሞዴል ዳታቤዝ አይደለም፤ ዴሊጌትም የመረጃ ማስቀመጫ አይደለም። ኪዩት ከ4ኛው እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሥራውን ለሦስት ከፍሎታል። ሞዴሉ «በዚህ ረድፍና በዚህ ዓምድ ያለው እሴት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ማሳያው፣ ቪው የምንለው፣ የትኞቹ ረድፎች አሁን ስክሪኑ ላይ እንዳሉ ብቻ ያውቃል፤ የሚጠይቀውም ስለ እነርሱ ነው። ዴሊጌቱ አንድን እሴት እንዴት መሳል እንደሚቻልና ተጠቃሚው ሊያርመው ሲፈልግ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚቀርብለት ያውቃል። እርማቱ እንዳለቀ እሴቱን ለሞዴሉ መልሶ ያስረክባል፤ በእጁ የሚያስቀረው ነገር የለም።

ወደ ዝግመቱ እንግባ። «ሴት ሴል ዊጀት» ወይም «ሴት ኢንዴክስ ዊጀት» እያልክ በየረድፉ ኮምቦቦክስ ስታስቀምጥ፣ 6000 ረድፍ ማለት 6000 ሙሉ ዊጀት (ስክሪን ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ) ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሱ የምርጫ ዝርዝር፣ የራሱ የአይጥና የቁልፍ ክስተት መቀበያ አለው፤ ሰንጠረዡ ወደ ላይም ወደ ታችም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታቸው እንደገና ይስተካከላል። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ግን ከ30 ወይም ከ40 ረድፍ አይበልጥም። በዴሊጌት ከሠራኸው ሴሎቹ የሚሳሉት እንደ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኮምቦቦክሱ የሚፈጠረው መዝጋቢው ሴሉን ለማረም ሲከፍት ብቻ ነው፤ መርጦ ሲጨርስም ይጠፋል። በአንድ ጊዜ በሕይወት ያለው ኮምቦቦክስ አንድ ብቻ ነው። ዛሬ የምታየው መንቀራፈፍ በአብዛኛው የሚወገደው በዚህ አንድ ለውጥ ነው።

የቀረው መንቀራፈፍ የሚመጣው አዲሱን ሞዴልህን በምትጽፍበት መንገድ ነው። ሞዴሉ መልስ የሚሰጥበት «ዴታ» የተባለው ተግባር እጅግ በተደጋጋሚ ይጠራል፤ ሰንጠረዡ በተሳለ ቁጥር፣ መስኮቱ በሰፋና በጠበበ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚታይ ሴል ደግሞ ደጋግሞ ይጠየቃል። ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ፊደሉ ዓይነት፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አሰላለፉ፣ ስለ ምልክት ሳጥኑ ለየብቻ ይጠየቃል። ስለዚህ በ«ዴታ» ውስጥ ኤስኪውላይትን፣ ማለትም ዳታቤዙን፣ መጠየቅ፣ ፋይል መክፈት ወይም ድምር ማስላት ክልክል ነው ብለህ ያዝ። መረጃውን አንድ ጊዜ ወደ ፓይተን ዝርዝር አስገባ፤ «ዴታ» ከዝርዝሩ አንሥቶ ብቻ ይመልስ። 6000 ረድፍ ለማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተር ትንሽ ነገር ነው።

ያላዘዝካቸው የምልክት ሳጥኖችም የሚመጡት ከዚሁ ተግባር ነው። ማሳያው ጥያቄውን ሁልጊዜ ከአንድ ሮል፣ ማለትም የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ከሚለይ መለያ፣ ጋር አያይዞ ያቀርባል። አንተ ሮሉን ሳትመለከት ለሁሉም ያንኑ ጽሑፍ መልሰሃል። ማሳያው «የምልክት ሳጥን አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ባዶ ያልሆነ መልስ ስላገኘ ሳጥን ሣለ። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ለ«ዲስፕሌይ ሮል» እና ለ«ኤዲት ሮል» እሴቱን ስጥ፣ አውቀህ ለምትመልሳቸው ሌሎች ሮሎችም የየራሳቸውን መልስ ስጥ፤ ለማታውቀው ሮል ሁሉ ግን በፓይተን «ነን»ን፣ ማለትም ባዶን፣ መልስ። «ተከፍሏል» የሚለው ዓምድ ግን በእርግጥ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ «ቼክ ስቴት ሮል»ን መልስ፣ በ«ፍላግስ» ውስጥም ምልክት ሊደረግበት እንደሚችል አሳውቅ። እዚህ ላይ ፓይሳይድ ያስቀመጠው ወጥመድ አለ። ከ6.4 እትም ወዲህ የሳጥኑ ምልክት እርማትን ወደሚቀበለው ተግባር፣ ወደ «ሴት ዴታ»፣ የሚመጣው እንደ ተራ ቁጥር ሲሆን፣ «ቼክድ» የተባለው ቋሚ ግን የፓይተን ኢነም (ስም ያለው የቋሚ ዓይነት) ነው። ሁለቱን በቀጥታ ብታነጻጽራቸው ውጤቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው፤ የስሕተት መልእክትም አይወጣም። ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ «ቼክ ስቴት» ቀይረህ አነጻጽር።

የራስህን ሞዴል ስትጽፍ መነሻህ «ኪው አብስትራክት ቴብል ሞዴል» ይሁን። የግድ የሚያስፈልጉት ሦስት ተግባራት ናቸው፤ የረድፎች ቁጥር፣ የዓምዶች ቁጥርና «ዴታ»። ለማረም «ፍላግስ» እና «ሴት ዴታ» ይጨመራሉ። «ሴት ዴታ» እሴቱን ከቀየረ በኋላ «ዴታ ቼንጅድ» የሚለውን ምልክት (ለሌሎች ክፍሎች የሚተላለፍ ማስታወቂያ፣ ሲግናል) ማሰማትና እውነት ብሎ መመለስ አለበት። ምልክቱን ከረሳህ ማሳያው መለወጡን አያውቅም፤ በዚያው ሞዴል ላይ የተመሠረተ ሌላ ሰንጠረዥ ወይም የድምር መስመር ካለህ ደግሞ አሮጌውን ቁጥር እያሳየ ይቀመጣል። የረድፎችን ቁጥር የሚመልሰው ተግባር የሚቀበለው ወላጅ ትክክለኛ ኢንዴክስ (የአንድ ሴል አድራሻ) ከሆነ 0 መመለስህን አትርሳ፤ በሰንጠረዥ ውስጥ ሴል ልጅ የለውም።

ረድፍ ስትጨምር «ቢጊን ኢንሰርት ሮውስ» የሚወስዳቸው ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያውና የመጨረሻው አዲስ ረድፍ ናቸው፤ ሁለቱም በቆጠራው ውስጥ ይገባሉ። 40 ረድፍ ላለው ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ መጨረሻው ላይ የምትጨምር ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች 40 ናቸው። 40 እና 41 ካልክ ሁለት ረድፍ እጨምራለሁ ብለህ አንድ ብቻ ጨመርክ ማለት ነው። ጉዳቱ ያኔውኑ ላይታይ ይችላል፤ ቆይቶ ሰንጠረዡ ሲደረደር ወይም መዝጋቢው ረድፍ ሲሰርዝ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ አንተም ስሕተቱን ሌላ ቦታ ስትፈልግ ትውላለህ። ይህን ዓይነቱን ስሕተት በዓይንህ ከመፈለግ ኪዩት ያዘጋጀውን መርማሪ ተጠቀም። «ኪው አብስትራክት አይተም ሞዴል ቴስተር» ይባላል፤ ከ5.11 እትም ጀምሮ አለ፤ በፓይሳይድም የሙከራ ሞጁሉ ውስጥ ይገኛል። ሞዴልህን ብቻ ስጠው፤ ሕግ በጣስክ ጊዜ ያስጠነቅቅሃል። ያለዚህ መርማሪ የተጻፈ ሞዴል ለገንዘብ መዝገብ እንዲውል አልፈቅድም።

ያለ መልእክት የሚዘጋው ነገር ምክንያቱ በአመዛኙ የዴሊጌቱ ባለቤትነት ነው። ማሳያው የምትሰጠውን ዴሊጌት ይጠቀምበታል እንጂ ባለቤቱ አይሆንም። ዴሊጌቱን በ«ሴት አይተም ዴሊጌት ፎር ኮለም» ቅንፍ ውስጥ እዚያው ፈጥረህ ከሰጠኸው፣ በፓይተን በኩል ማንም የያዘው ስለሌለ ከማኅደረ ትውስታ ሊጠረግ ይችላል፤ ማሳያው ግን በሌለ ነገር መጠቀሙን ይቀጥላል። «አንዳንድ ጊዜ» ያልከው ለዚህ ነው፤ ጠረጋው የሚከሰትበት ጊዜ በአንተ እጅ አይደለም። ዴሊጌቱን ስትፈጥር መስኮቱን ወላጅ አድርገህ ስጠው፣ ወይም በመስኮቱ ባሕርይ ውስጥ አስቀምጠው። አንዱን ዴሊጌት ለሁለት ማሳያዎች አታጋራ፤ «እርማቱ አልቋል» የሚለው ምልክት ለሁለቱም ይደርስና አንደኛው የማያውቀውን መሣሪያ ለመዝጋት ይሞክራል። ለየብቻ መፍጠር ምንም አያስከፍልም።

አሁን ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት ወደምፈልገው ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም ቀኑ ነው። ቀንን በጽሑፍ ማስቀመጥ የመዝገብህ ትልቁ ጉድለት ነው። ሰውን በቁልምጫ ቢጠሩት በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አይቀየርም፤ ቀንም እንደዚያው ነው። ሞዴሉ የሚይዘው አንድ እሴት ነው፤ በእኛም ሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መታየቱ የዴሊጌቱ ጉዳይ ነው። ኪዩት ከ5.14 እትም ጀምሮ የተለያዩ የዘመን አቆጣጠሮችን የሚያውቅ ክፍል አለው፤ በውስጡ የጎርጎርዮስ፣ የዩልዮስ፣ የሚላንኮቪች፣ የኢራኑ ጀላሊና የእስልምናው አቆጣጠሮች አሉ፤ የእኛ ግን የለም። ስለዚህ ስሌቱን ራስህ መጻፍ አለብህ፤ ደግነቱ አጭር ነው።

የኪዩት የቀን ዓይነት የሆነው «ኪው ዴት» ማንኛውንም ቀን ወደ ዩልዮስ ቀን ቁጥር፣ ማለትም ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ ቀናትን በተከታታይ ወደሚቆጥር ቁጥር፣ ይለውጣል፤ ከዚያ ቁጥርም ቀኑን መልሶ ይሠራል። አንተ የሚያስፈልግህ ከኢትዮጵያ ቀን ወደዚህ ቁጥር የሚወስድ ድልድይ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንስና በ365 አባዛ፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ጨምርበት፤ ከወሩ 1 ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ጨምር፤ ቀኑን ጨምር፤ በመጨረሻ 1724220 ጨምር። በመስከረም 1 ቀን 2017 ሞክረው፤ 735840፣ 504፣ 0፣ 1 እና 1724220 ሲደመሩ 2460565 ይሆናሉ። ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የዩልዮስ ቁጥር ነው። መልሶ ለማምጣት ከቁጥሩ 1723856 ቀንስና ለ1461 አካፍል፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው። ድርሻውን በ4 አባዝተህ ያዝ። ቀሪው በትክክል 1460 ከሆነ ቀኑ ጳጉሜን 6 ነው፤ ዓመቱም በያዝከው ላይ 3 የተጨመረበት ነው። ካልሆነ ቀሪውን ለ365 አካፍል፤ ሙሉው ዓመቱ ላይ ይጨመራል፤ የተረፈው ደግሞ ለ30 ሲካፈል ወሩንና ቀኑን ይሰጥሃል፤ ሁለቱም ላይ 1 ጨምር። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ በዘመነ ሉቃስ ማለት ነው፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ሙከራህ ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 የግድ ይኑሩ፤ የተበላሸ ስሌት ሁሉ የሚጋለጠው በዚህች ድንበር ላይ ነው።

ይህ ከተጻፈ በኋላ ሞዴሉ ለ«ዲስፕሌይ ሮል» ጽሑፍ ሳይሆን «ኪው ዴት»ን ራሱን ይመልስ። የቀን ዴሊጌትህ ከ«ኪው ስታይልድ አይተም ዴሊጌት» ይወረስና «ዲስፕሌይ ቴክስት» የምትባለውን አንዲት ተግባር ይተካ፤ እዚያ ውስጥ «ጥቅምት 12 ቀን 2017» ብለህ ትመልሳለህ። መደርደሪያው፣ ማለትም «ኪው ሶርት ፊልተር ፕሮክሲ ሞዴል»፣ ሲደረድር የሚያየው ቀኑን ስለሆነ ሐምሌና መስከረም ያለ ተጨማሪ ሥራ በቦታቸው ይሰለፋሉ። ጥቅሙ ለመደርደር ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ስለሚያቀና ማኅበሩ የዚያን ወቅት ርክክብ ለይቶ ማየት ይፈልጋል። ወቅቱ ከሐምሌ ጀምሮ ጳጉሜንን አልፎ አዲሱ ዓመት ውስጥ ይገባል። በጽሑፍ የተያዘ ቀን ይህን ሊመልስ አይችልም፤ በቁጥር የተያዘ ግን በሁለት ድንበሮች መካከል ያለውን መውሰድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ አማራጭ መኖሩን አልደብቅም። የኢትዮጵያውን ቀን ጽሑፍ ሞዴሉ ራሱ በ«ዲስፕሌይ ሮል» ሊመልስና እውነተኛውን ቀን በሌላ ሮል ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ መደርደሪያው በዚያ ሮል እንዲደረድር በ«ሴት ሶርት ሮል» ማዘዝ አለብህ። ይህ መንገድ የሚጠቅመው ያው ጽሑፍ በብዙ ማሳያዎችና በወረቀት ሪፖርት ላይ ሲፈለግ ነው። ለአንተ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አንድ ሮል በተረሳ ቁጥር የሚበላሽ መዝገብ ለአንድ ፕሮግራመር አስጨናቂ ነው።

ለቀኑ ማረሚያ የኪዩት የተዘጋጀ ቀን መምረጫ አይሆንህም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ሦስት ዊጀቶችን በአንድ ላይ ያዝ፤ ለቀን የቁጥር ሳጥን፣ ለወር 13 ምርጫ ያለው ኮምቦቦክስ፣ ለዓመት ሌላ የቁጥር ሳጥን። ወሩ ጳጉሜን ሲሆን የቀኑ ከፍተኛ ቁጥር ወደ 5 ወይም ወደ 6 እንዲወርድ አድርግ። ሦስቱን የያዘው ዊጀት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የራሱን ጀርባ እንዲሞላ በ«ሴት ኦቶ ፊል ባክግራውንድ» እዘዘው፤ ያለዚያ የሴሉ አሮጌ ጽሑፍ ከኋላው አሳብሮ ይታያል። ሁለተኛ፣ ትኩረቱን በ«ሴት ፎከስ ፕሮክሲ» ለመጀመሪያው ሳጥን አስረክብ፤ አለበለዚያ መዝጋቢው መጻፍ ሲጀምር ቁልፉ የትም አይደርስም።

ሰዓቱም በዚሁ ሥርዓት ይሂድ። ሞዴሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይያዘው፤ ለማሳየት 6 ቀንስ፣ ለ12 አካፍለህ የተረፈውን ውሰድ፣ 0 ከሆነ 12 በል። 7 ሰዓት የተያዘው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኖ ይታያል። በፓይተን የኔጌቲቭ ቁጥር ቀሪ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚወጣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በትክክል ይመጣል፤ ይኸው ስሌት ነገ ወደ ሲ++ ቋንቋ ቢዛወር ግን ይበላሻል፤ ስለዚህ ከወዲሁ 6 በመቀነስ ፋንታ 6 ጨምር፤ ውጤቱ አንድ ነው። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የፕሮግራም አይደለም። ሌሊቱን ሲያሰግር አድሮ ከንጋት በፊት የተረከበ ዓሣ በየትኛው ቀን ይመዝገብ? በኮምፒውተሩ አዲሱ ቀን የጀመረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው። ይህን አንተ በኮድ አትወስን፤ ማኅበሩን ጠይቅና ውሳኔውን በጽሑፍ ያዝ።

ክብደቱን በግራም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ። ኪዩት ነጥብ ላለው ቁጥር በራሱ የሚያቀርበው ማረሚያ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ይይዛል። 12.375 ኪሎ የተመዘገበበትን ሴል መዝጋቢው ለማየት ብሎ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ኢንተር ቢመታ፣ ምንም ሳይለውጥ ክብደቱ ተቀይሮ ይቀመጣል። የአስጋሪው ገንዘብ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ዴሊጌቱ ሲያሳይ ለ1000 ያካፍል፣ ሲያርም ሦስት አኃዝ ያለው የቁጥር ሳጥን ያቅርብ፣ ሲያስረክብ አጠጋግቶ በ1000 ያባዛ። ዋጋውንም እንዲሁ በሳንቲም ያዝ።

የዓሣው ዓይነት በሞዴሉ ውስጥ ኮድ እንጂ ስም አይሁን። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ የሚሉት ስሞች በሌላ አንድ ዝርዝር ይቀመጡ። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በጣና ውስጥ ከ10 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ነው፤ ነገ ተመራማሪ መጥቶ ለይታችሁ መዝግቡ ቢል ኮድ ያለው መዝገብ ያለ ችግር ይሰፋል። የዴሊጌቱ ሥራ አጭር ነው፤ «ክሪኤት ኤዲተር» ኮምቦቦክሱን ይፈጥራል፣ የተሰጠውንም ወላጅ ያሳልፍለታል፤ «ሴት ኤዲተር ዴታ» በኮዱ ፈልጎ ትክክለኛውን ምርጫ ያሳያል፤ «ሴት ሞዴል ዴታ» የተመረጠውን ኮድ ለሞዴሉ ያስረክባል። መዝጋቢው እንደመረጠ ወዲያው እንዲጸና ከፈለግህ የኮምቦቦክሱን «አክቲቬትድ» ምልክት ተቀብለህ «ኮሚት ዴታ» ከዚያም «ክሎዝ ኤዲተር» አሰማ።

«ፔይንት»ን የመተካት ፍላጎት ይመጣብሃል፤ ተው። ብዙ ሰው ዴሊጌት ሲባል ወደ ሥዕል ይሮጣል፤ ከዚያ የተመረጠ ረድፍ ቀለም ይጠፋል፣ የፊደሉ ቁመት ይዛነፋል። ላልተከፈለ ረድፍ ቀለም ለመስጠት ሞዴሉ ለ«ባክግራውንድ ሮል» መልስ ቢሰጥ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል በጠባብ ረድፍ ላይ ከተቆረጠብህም መፍትሔው የቋሚውን ራስጌ መደበኛ የረድፍ ቁመት ከፍ ማድረግ ነው።

የአስጋሪ ስም ፍለጋ ላይ የፊደል ጉዳይ ይገጥምሃል። አንዱ መዝጋቢ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከመደርደሪያው ሞዴል ውረስና «ፊልተር አክሴፕትስ ሮው»ን ተካ፤ የተፈለገውንም የተመዘገበውንም ስም ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሠና ሰን ወደ አንድ፣ ዐና አን ወደ አንድ፣ ፀና ጸን ወደ አንድ ከነዝርያቸው መልሰህ አነጻጽር። ሃና ሓን፣ ኣና ዓንም አትርሳ። የተመዘገበውን ስም ራሱን ግን አትለውጥ፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ይቀመጥ። መደርደሪያ ካስገባህ በኋላ ማሳያው የሚሰጥህ የረድፍ ቁጥር የመደርደሪያው እንጂ የሞዴልህ አይደለም። «ማፕ ቱ ሶርስ» ሳትል ረድፍ ብትሰርዝ የሌላ ሰው ርክክብ ይጠፋል።

«ኪው ኤስኪውኤል ቴብል ሞዴል የተባለ ዝግጁ ነገር እያለ ለምን ራሴ እጽፋለሁ?» ትል ይሆናል። ለማየት ብቻ ቢሆን እርሱን እመክርህ ነበር። ነገር ግን ከኤስኪውላይት ጋር ሲሠራ ረድፎቹን የሚያመጣው በክፍልፋይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የረድፎቹን ቁጥር ብትጠይቀው 256 ይልሃል። የወሩን ኪሎ በሞዴሉ ረድፎች ላይ እየዞርክ ብትደምር ድምሩ ጎዶሎ ይሆናል፤ ጎዶሎ መሆኑንም ማንም አያውቅም። ድምርን ሁልጊዜ ከዳታቤዙ በቀጥታ ጠይቅ። የእርማት ሕጎችህ ብዙ ስለሆኑ የራስህን ሞዴል መጻፉ ለአንተ ይሻላል፤ በ«ሴት ዴታ» ውስጥ መጀመሪያ ኤስኪውላይት ላይ ጻፍ፣ ከተሳካ ዝርዝሩን ቀይር፣ ከዚያ ምልክቱን አሰማ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ስክሪን ላይ የታየው ዳታቤዙ ውስጥም ይገኛል።

ዛፉን አትሥራ። የዛፍ ሞዴል እያንዳንዱ ልጅ ወላጁን እንዲያውቅ ይጠይቃል፤ በፓይሳይድ ደግሞ በኢንዴክስ ውስጥ የምታስቀምጠው ዕቃ በሕይወት እንዲቆይ የሚጠብቅልህ የለም፤ ራስህ ካልያዝከው እንደ ዴሊጌቱ ይጠረጋል። ግራ በኩል የአስጋሪዎች ሰንጠረዥ፣ ቀኝ በኩል የተመረጠው አስጋሪ ርክክቦች ይቀመጡ፤ መዝጋቢውም ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቱ ይቀለዋል። መረጃ ስትፈልግም ተጠንቀቅ፤ በኪው ኤም ኤል (በሌላው የኪዩት የመስኮት መሥሪያ ቋንቋ) ዓለም ዴሊጌት የሚሉት ለእያንዳንዱ የሚታይ ረድፍ የሚፈጠር ሙሉ ዕቃ ነው። የዚያን ምክር ወደዚህ ካመጣህ ወደ 6000ው ኮምቦቦክስ ትመለሳለህ።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ የቀኑን ስሌት ለብቻው ጻፍና ፈትን፤ ከዚያ ሞዴሉን ከመርማሪው ጋር፤ ቀጥሎ መደርደሪያውን፤ ዴሊጌቶቹን በመጨረሻ። አሮጌዎቹን 6000 ረድፎች ስታሸጋግር በጽሑፍ ከተያዙት ቀኖች ውስጥ የማይነበቡ ይገኛሉ፤ ጳጉሜን 6 በማትውልበት ዓመት ጳጉሜን 6 ተብሎ የተጻፈ፣ ዓመቱ የተዘለለ፣ ቀኑ 31 የሆነ። እነዚህን በግምት አታስተካክል፤ ለብቻ በአንድ ሰንጠረዥ አውጣቸውና ርክክቡን የጻፈው መዝጋቢ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር እያመሳከረ በአዲሱ የቀን ማረሚያ ይሙላቸው። ያ ዝርዝር ባዶ እስኪሆን ድረስ አሮጌውን ፋይል አትሰርዝ።